ችካሉ ከመተከሉ በፊት፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የወፎችን ፊላ ለማትረፍ የሄድንበት መንገድ

በምትኖሩበት ከተማ ዳር አንድ ረግረግ፣ የወንዝ ዳር ወይም ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ ቦታ ይኖራል። ወፎች ይኖሩበታል። ከተማው ደግሞ በየዓመቱ እየተጠጋው ነው። ይህ ቦታ እንዲተርፍ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እኔ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ ቅየሳ ነው። መሬት እለካለሁ፣ ካርታ አዘጋጃለሁ። ወፍ እወዳለሁ እንጂ የወፍ ባለሙያ አይደለሁም። ከጎረቤቶቼ፣ ከአሳ አስጋሪዎችና ቄጠማ አጭደው ከሚሸጡ እናቶች ጋር ሆነን ከሐይቁ ዳር አንድ የፊላ (ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅም ሣር) ቦታ አትርፈናል። ሙሉውን አላተረፍንም። የተረፈውም የጠፋውም ያስተማረን ነገር አለ።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልበለው። አንድ ቦታ የሚጠፋው ዶዘር የገባ ቀን አይደለም። ዶዘር ሲገባ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል። ቦታው የሚጠፋው ፕላን ላይ ቀለሙ ሲቀየር ነው። ያን ቀን ሰው አያለቅስም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ሬድዮም አይመጣም። አንድ ባለሙያ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ አረንጓዴውን ወደ ሌላ ቀለም ይለውጠዋል። ስለዚህ ለወፍ መሟገት የፈለገ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ፕላን ክፍል ነው።

ፊላው ምን ይሠራል?

ሐዋሳን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን ነጥብ ደጋግሜ ለሰው እናገራለሁ። የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ ከከተማው የገባ አፈር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ፌስታል ሁሉ መሄጃ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚነሳበት ጨለለቃ እንኳ በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ነው።

ከከተማ የሚመጣውን ጎርፍ ሐይቁ ጫፍ ላይ የሚያቆመው ፊላው፣ ጨፌውና ደንገሉ ነው። ደለሉን ይይዘዋል። የማዕበሉን ጉልበት ይሰብረዋል። ከሥሩ ትንንሽ አሳ ይደበቃል።

ወደ ሐዋሳ የሚመጣ እንግዳ አሞራ ገደል ሄዶ አባ ኮዳን ያያል። ዛፍ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ያያል። የአሳ ንስር ስትጮህ ከሰማ ደስ ይለዋል። ፊላ ውስጥ ያሉትን ወፎች ግን ብዙ ሰው አያያቸውም። ቀይ እግርና ቢጫ ምንቃር ያላት ጥቁር ወፍ አለች፤ ድምጿ ይሰማል እንጂ ቶሎ አትታይም። ጃካና የምትባለው አለች። ጣቶቿ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ በውሃ ላይ ባለ ቅጠል እየተራመደች ትሄዳለች። ከጃካና እንቁላል የሚታቀፈው አባትየው ነው። ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው እሱ ነው። አደጋ ሲመጣ ክንፉ ሥር ሸጉጧቸው ይሮጣል፤ እግሮቻቸው ብቻ ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ያን ቦታ እንደ ባዶ መሬት ማየት አልቻልኩም።

ከመስከረም በኋላ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ አሉ። ጭራዋን የምትነቀንቀው ቢጫ ወፍ አንዷ ናት። በረሃና ባሕር አቋርጣ መጥታ ክረምታቸው እስኪያልፍ እኛ ጋ ትቆያለች። ማረፊያዋ ተደልድሎ ቢጠብቃት ሌላ ቀጠሮ የያዘችበት ቦታ የላትም።

ወሬውን ስሰማ

በአካባቢው ለሌላ ሥራ ስለካ ሳለሁ አንድ ወጣት "እዚህ ሪዞርት ሊሠራ ነው አሉ" አለኝ። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንዳንዱ "አይ፣ ወሬ ነው" ብሎ ይተወዋል። አንዳንዱ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ሁለቱም ገና ናቸው። መጀመሪያ ወሬው ፕላን ላይ አለ ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከተማ ሁለት ዓይነት ፕላን አለው። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው። የከተማውን አጠቃላይ መልክ ያሳያል፣ ብዙውን ጊዜ ለ10 ዓመት ይዘጋጃል። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ይህኛው ሰፈር ለሰፈር፣ መንገድ ለመንገድ ይገባል። ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ነው። የእኛ ቦታ በመጀመሪያው ላይ አረንጓዴ ነበር። በሁለተኛው ላይ ግማሹ ለመዝናኛና ለማረፊያ አገልግሎት ተብሎ ተቀምጧል። መልካሙ ዜና ሁለተኛው ገና ረቂቅ መሆኑ ነበር። አልጸደቀም።

ፕላን ማየት መብት ነው። ሲጠይቁ ግን "ምን አገባህ" የሚል ፊት ሊገጥማችሁ ይችላል። በጨዋነት "የአካባቢው ነዋሪ ነኝ፣ የሰፈራችንን ፕላን ማየት እፈልጋለሁ" ማለት ይበቃል። ካልሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ካርታ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ቀያሽ፣ አርክቴክት ወይም የምህንድስና ተማሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከሰፈራችሁ አንድ አይጠፋም። የወፍ ባለሙያ ከመፈለጋችሁ በፊት ካርታ የሚያነብ ሰው ፈልጉ ብዬ እመክራለሁ።

ቆጠራው

መሥሪያ ቤት ገብቶ "እዚያ ብዙ ወፍ አለ" ማለት ምንም አያስገኝም። "ብዙ" የሚባል ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መቁጠር ጀመርን።

የተጠቀምነው ዘዴ ቀላል ነው። ከፊላው ዳር ቋሚ ቦታዎች መረጥን። ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቆጥራለን። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፣ ጀልባው ይበዛል፣ ወፉም ይደበቃል። ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የቆጣሪው ስም፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛትና ወፉ ምን ሲያደርግ እንደነበር ይጻፋል። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል። ወፍ በየትም ቦታ ሊያልፍ ይችላል። ጎጆ ሲሠራ፣ ጫጩት ሲመግብ ከታየ ግን ቦታው ቤቱ ነው ማለት ነው። ባለሙያ ፊት ክብደት ያለው እሱ ነው።

ባይኖኩላር ከአንድ የወፍ አስጎብኚ ተዋስን። የማናውቀውን ወፍ በስልክ ፎቶ አንስተን ባዮሎጂ ለምታጠና የሰፈራችን ልጅ እናሳያት ነበር። ያላወቅነውን "ያልታወቀ" ብለን ጻፍን። ይህን አትፍሩት። አንድ የተሳሳተ ስም ሙሉ መዝገቡን ያስጠረጥራል። ስልክ ላይ ኢበርድ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ቆጠራችሁን እዚያ ብትመዘግቡት ቀኑና ቦታው አብሮ ይቀመጣል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎችም ያዩታል። የጎጆ ቦታ ግን በግልጽ አታውጡ። ለማየት የሚመጣው ሰው ብዛት ብቻ ወፏን ከእንቁላሏ ያስነሳታል።

ከዚያ የቆጠርነውን በሙሉ ረቂቅ ፕላኑ ላይ አስቀመጥነው። የጂፒኤስ ነጥቦቹን ወስጄ ጎጆ ያየንባቸውን ቦታዎች በቀይ ምልክት አደረግሁ። ወረቀቱን ያየ ሁሉ ማብራሪያ ሳይፈልግ ነገሩ ገባው። የመዝናኛው መስመር በቀጥታ በቀዮቹ ምልክቶች መሃል ያልፋል።

"ቆሮሶው የት ሊራባ ነው?"

ማመልከቻውን ስናዘጋጅ መጀመሪያ የጻፍነው ስለ ወፎቹ ብቻ ነበር። ለአንድ አንጋፋ አሳ አስጋሪ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሻል" አሉኝ። "ግን ወፉን ካነሳሽ አይቀር አሳውን ለምን ተውሽው? ፊላው ከሄደ ቆሮሶው የት ሊራባ ነው?"

"ጋሼ፣ ይህን ሌሎቹም ይሉታል?"

"ጠይቂያቸዋ። መረብ የሚጥል ሁሉ ያውቀዋል።"

ጠየቅናቸው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቅ ባልሆነው፣ ሣር ባለበት ዳር እንደሆነ አንድ በአንድ ነገሩን። ፊላው በተመነጠረበት በኩል ምን ያህል እንደቀነሰባቸውም አወሩን። ወፏና አሳ አስጋሪው የሚኖሩት ከአንድ ቦታ ነው። ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው። አሳው ከወፉ እኩል ገባ። የአሳ አስጋሪዎቹ ማኅበርም አብሮን ፈረመ። ከዚያ በኋላ እኛን "የወፍ ልጆች" ብሎ ማለፍ ለማንም አስቸጋሪ ሆነ።

ቄጠማ የሚያጭዱት እናቶች ነገር ግን ረጅም ንግግር ጠይቋል። ለቡናውም ለበዓሉም ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከዚያ ነው የሚመጣው። እነሱ መጀመሪያ የፈሩት እኛን ነበር። "ጥበቃ ስትሉ እኛን ልታባርሩን ነው?" አሉን። ልክ ናቸው። በብዙ ቦታ ጥበቃ ማለት አጥር ማለት ሆኖ ድሃውን ከእንጀራው ነቅሎታል። ተቀምጠን ተነጋገርን። ጎጆ ያየንበትን ወደ ውሃው ያለውን ክፍል አይነኩም። ከዳር ያለውን በየተራ ያጭዳሉ። አንዱ ሲታጨድ ሌላው ያድጋል። ማቃጠል ጨርሶ ቀርቷል። ዛሬ በቦታው ላይ ከማንም በላይ ዓይናቸውን የሚጥሉት እነሱ ናቸው፤ አንድ እንግዳ መኪና አፈር ሲደፋ ካዩ ስልክ ይደውሉልኛል።

ስለዚህ ማንኛውንም ቦታ ለማትረፍ ስትነሱ "ከዚህ ቦታ የሚበላ ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከብት የሚያጠጣ፣ ሣር የሚያጭድ፣ ንብ ያለው፣ ጀልባ የሚነዳ፣ ቡና አፍልታ የምትሸጥ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሳይኖሩበት የሚደረግ ሙግት አይቆምም።

ማመልከቻው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ካርታው አባሪ ይሁን። የፈራሚዎቹ ስም ከነቀበሌ መታወቂያ ቁጥራቸው ለብቻው ይያያዝ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን አስመቱ። የተመታበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። ይህን ቅጂ እንደ ወርቅ ጠብቁት። እኛ "ፋይሉ የለም" በተባልንበት ቀን ጉዳዩ እንደ አዲስ ሳይጀመር የቀጠለው በዚያ ወረቀት ነው። ግልባጩን ለአካባቢ ጥበቃው፣ ለአሳ ሀብቱና ለምክር ቤቱ ላኩ። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይጠይቃል።

ሕግ መጥቀስ አይከብድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡን የሚመለከት የአካባቢ ጉዳይ ሲታቀድ ሕዝቡ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 በጣም ጠቅሞናል። በዚህ አንቀጽ መሠረት በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደርሳል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚባል ላይ ማንኛውም ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። "አንተን በግል ምን ነካህ?" ተብሎ አይጠየቅም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኛ ፍርድ ቤት አልሄድንም። አንቀጹን ማመልከቻው ግርጌ ላይ ማስፈራችን ግን ቀኑ እንዲቆጠር አድርጓል። አዋጆች ይሻሻላሉና ከመጥቀሳችሁ በፊት የወቅቱን ቅጂ የሕግ ባለሙያ ያሳያችሁ።

ሌላው ነገር፣ "ይቁም!" ብቻ አትበሉ። ባለሥልጣን እሺ ሊል የሚችለውን ነገር ጠይቁ። እኛ የጠየቅነው የግንባታው መስመር ወደ ኋላ እንዲሸሽ፣ ከውሃው ጋር ያለው ቀበቶ የተጠበቀ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ እንዲሰየም፣ ከመጽደቁ በፊትም ባለሙያዎቹ ቦታውን በእግራቸው እንዲያዩት ነው። ያንኑ ያህል ስፋት ከመንገዱ ማዶ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ማግኘት እንደሚቻል የሚያሳይ ንድፍም አያያዝኩ። አንድ ባለሙያ "እህቴ፣ ለወፍ ብላችሁ ልማት ልታስቆሙ ነው?" ሲሉኝ ያን ንድፍ ዘረጋሁላቸው። "ይኸው ልማቱ፣ ይኸው ወፉ፤ ሁለቱም ይገባሉ" አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቦታውን ለማየት የወጡት እሳቸው ናቸው።

ስብሰባው

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቶ ነበር። አንድ ወጣት ተነስቶ "እኛ ሥራ ነው የምንፈልገው፣ ወፍ አንበላም" አለ። ተጨበጨበለት። እኔ ይህን ወጣት ጠላት አድርጌ አላየሁትም። ሥራ አጥቶ ለተቀመጠ ልጅ ሪዞርት ማለት ደመወዝ ማለት ነው። መልስ የሰጠው እኔ ሳልሆን አንድ የጀልባ ልጅ ነበር። የሚያሳፍራቸው እንግዶች ግማሾቹ ወፍ ለማየት እንደሚከፍሉት፣ ጃካናዋን የሚያሳያቸው ያንን ፊላ አጠገብ እንደሆነ በራሱ ቋንቋ ተናገረ። "ፊላው ከሌለ ምን ላሳያቸው?" አለ። አዳራሹ ዝም አለ።

ምክሬ ይህ ነው። ስብሰባ ላይ ራሳችሁ ብዙ አትናገሩ። እንጀራው የተያያዘበት ሰው ይናገር። እናንተ ካርታውን ያዙለት።

የሚገነባው ወገን የላከው አርክቴክትም በስብሰባው ነበር። ሲያልቅ ወደ እኛ መጥቶ የቆጠራ ወረቀቶቹን ጠየቀን። ወፍ የሚታይበት ማረፊያ ደረቅ ግድግዳ ከሚታይበት ይሻላል ብሎ ለአሠሪው ለመናገር ቃል ገባ። ቃሉንም ጠበቀ።

በመጨረሻ የጸደቀው ፕላን የግንባታውን መስመር ወደ ኋላ መለሰው። ከውሃው ጋር ያለው የፊላ ቀበቶ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። በደቡብ በኩል ያለው ቁራሽ ግን ቀደም ብሎ ተሰጥቶ ነበር። እዚያ አፈር ተደፋበት፣ ተደለደለ። ጃካና ከዚያ በኩል ጠፋች። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድ ዓመት ቀደም ብለን ብንጀምር ያም ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። ረቂቅ ላይ ያለው ተረፈ፣ የተሰጠው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ

ቦታ ከተረፈ በኋላ ሥራው አያልቅም። የተቆረጠ መረብና የመንጠቆ ክር የወፍ እግር ያስራል። አሳ አስጋሪዎቹ አሁን አሮጌ መረብ የሚጥሉበት በርሜል አላቸው። ወንጭፍ የሚይዙ ልጆች ነበሩ። አልተቆጣናቸውም። ባይኖኩላሩን ሰጥተን አብረውን እንዲቆጥሩ አደረግናቸው። ዓይናቸው ከእኛ ይፈጥናል። ለማረፊያው ባለቤቶች ደግሞ ማታ ወደ ሐይቁ የሚያበራ ትልቅ መብራት እንዳይተክሉ፣ ሰፋፊ መስታወቶች ላይም ወፍ እንዳይጋጭ ምልክት እንዲለጥፉ ጠይቀናል። መብራቱን እሺ ብለዋል። መስታወቱ ገና ነው።

ስለ አባ ኮዳና ስለ ጥንብ አንሳ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ብዙ ሰው ይጠየፋቸዋል። ኩሳቸው መኪናና ጣሪያ ስለሚያበላሽ የሚያድሩበትን ዛፍ የሚያስቆርጥ አለ። እነዚህ ወፎች የአሳ ሆድቃና የቄራ ትርፍ ሳይሸት የሚያነሱ የከተማ አገልጋዮች ናቸው። በየከተማችን የምናየው ቆብ ያደረገ የሚመስለው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከምድረ ገጽ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። አንዱ ገዳዩ መርዝ ነው። ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ሲጣል የውሻው ሬሳ ጥንብ አንሳውንም ይገድላል። በሰፈራችሁ ውሻ ሊመረዝ ነው ከተባለ ሌላ መንገድ እንዲፈለግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቢያንስ ሬሳው በዚያው ቀን ተሰብስቦ እንዲቀበር አስደርጉ።

ለሌላ ከተማ ላሉት

ባሕር ዳር ያላችሁ የጣና ዳር ደንገል አላችሁ። ጅማ ያላችሁ ቦዬ፣ ቢሾፍቱ ያላችሁ የራሳችሁ ጨለለቃ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ አላችሁ። ሁሉም ከተማ የሚጫናቸው የወፍ ቦታዎች ናቸው። ብቻችሁን አትጀምሩ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። ስለ ወፍ ቦታዎች የተሰበሰበ ብዙ መረጃ አለው። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በብዙ አገሮች የውሃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ቦታችሁ በቆጠራው ውስጥ ካለ የቆየ ቁጥር ታገኛላችሁ። የስደተኛ ወፎች ቀን ደግሞ በፈረንጆቹ ሜይና ኦክቶበር ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ይከበራል። ባለሥልጣን ቦታውን እንዲጎበኝ ለመጋበዝ ጥሩ ሰበብ ነው። በዓል ላይ የተጋበዘ ሰው ቢሮው ውስጥ ካለው ይልቅ ይሰማል።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ብዙዎች ይጠይቁኛል። እኔ የምለው፣ ማመልከቻው ገብቶ ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ ታገሱ። የሰው ስም አንስታችሁ አትዝለፉ። የተዘለፈ ባለሙያ ፕላኑን ቢያምንበት እንኳ መቀየር ይከብደዋል። ቀኑ ካለፈ ግን ለአካባቢው ኤፍ ኤም ሬድዮ ስጡት፤ ቀንና ቁጥር ያለው ወረቀት ስለያዛችሁ ጋዜጠኛው በደስታ ይቀበላችኋል።

ዶዘሩ ቀድሞ ከገባስ? ፈቃዱ የት ድረስ እንደሚፈቅድ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ አፈሩ የሚደፋው ከተፈቀደው መስመር አልፎ ነው። ቀያሽ አምጥታችሁ አስለኩት፣ ያለፈውን በካርታ አስፍራችሁ በዚያው ሳምንት አመልክቱ። ሙሉውን ባይመልስም ቀሪውን ያስቆማል።

እኛ አሁን የያዝነው ጉዳይ የቦታው ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው ነው። ፕላን ይከለሳል፤ አረንጓዴ ቀለም ያለው ቦታ የይዞታ ማረጋገጫ ከሌለው በሚቀጥለው ክለሳ "ክፍት ቦታ" ተብሎ ሊታደል ይችላል። ስለዚህ የፊላው ቀበቶ በሕዝብ አረንጓዴ ቦታነት ካርታ እንዲወጣለት፣ እንክብካቤውን ደግሞ የአሳ አስጋሪዎቹና የቄጠማ አጫጆቹ ማኅበር በውል እንዲረከቡት ጠይቀናል። ልኬቱን ጨርሼ አስገብቻለሁ፣ ገቢ ቁጥርም ተሰጥቶታል። በሰፈራችሁ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ካለ ካርታ እንዳለው ዛሬውኑ ጠይቁ።